ያላየሁት ፓስ

አባቴ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ኳስ የሚያየው በእኔ ነው። ይህን ስናገር የሚስቁ ሰዎች አሉ። መሪጌታ ሆኖ፣ ደብር የሚያገለግል ሰው ሆኖ፣ ያውም ዓይነ ስውር ሆኖ ስታዲየም ምን ያደርጋል ይላሉ። ይሳቁ። ከምነግራችሁ ነገር ውስጥ የሚያስቀው ትንሹ ነው።

ነገሩ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት አልመጣልኝም፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ የሰው መታወቂያ ሳባዛ እውላለሁ። ጓደኞቼ ግማሾቹ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፣ ግማሾቹ ዐረብ አገር ሄዱ፣ አንዷ አገባችና ስልኬን ማንሳት ተወች። እናቴ ያረፈችው ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ፀዳ በተከራየነው ሁለት ክፍል ቤት ያለነው እኔና አባቴ ብቻ ነን። አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ አይሆንልኝም። አፌም አያርፍም። ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል፤ እናንተም ትደርሱበታላችሁ።

የአባቴ ኳስ ወዳድነት የቆየ ነው። ዓይኑ ደህና በነበረበት ዘመን ክለባችን በተጫወተ ቁጥር ጥምጥሙን አውልቆ በፌስታል ይይዝና፣ የሹራብ ኮፍያ አድርጎ ከስታዲየሙ ጥግ ይቀመጥ ነበር። ኋላ የዓይን ግፊት ነው አሉት፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቱንም ወሰደበት። ስታዲየሙን ግን አልተወም። እጄን ይዞ ይመጣና ያንኑ ጥግ ይቀመጣል። እኔ ከጎኑ ሆኜ እነግረዋለሁ።

አባቴ ጎል አይጠይቅም። "ጎሉንማ የሰዉ ጩኸት ይነግረኛል" ይላል። "ማን አቀበለው? በየትኛው እግር? መሬት ይዛ ነው የሄደችው በአየር? የተቀበለው ልጅ ቆሞ ነው እየሮጠ?" እሱ የሚፈልገው ፓሱን ነው። ወደ ቤት ስንመለስ ደግሞ ተራው የሱ ይሆናል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ነገር የሚይዝበት የራሱ መንገድ አለው፤ የኔታ በቃል ይሰጣል፣ ተማሪው ተቀብሎ መልሶ ያሰማል፣ የሳተውን የኔታ ያቃናለታል። አባቴ ዜማውን ሁሉ እንዲህ ነው የያዘው። ፓሶቹንም እንዲሁ ነበር የሚይዛቸው። ታክሲ ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"እሺ የኔታ፣ ላሰማሽ" ይለኛል። "ሰባት ቁጥሩ፣ በቀኝ እግሩ የውጭ ጎን፣ መሬት አስይዞ፣ በግራ ተከላካዩ ጀርባ።"

"በውጭ አይደለም አባቴ፣ በውስጥ ጎን ነው።"

"በውስጥ ጎን። እሺ፣ ልድገማት።"

የኔታ የሚባለው እሱ ነው፤ ተማሪዎቹ በሙሉ የሚጠሩት እንዲያ ነው። እኔን ግን የኳስ የኔታው አደረገኝ። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ ኋላ ስሜ ሆኖ ቀረ። ትርንጎ መባሉን ልረሳው ምንም አልቀረኝም። ቤት ስንገባ ደግሞ እኔ ፓሶቹን ደብተር ላይ እጽፋቸዋለሁ። ሦስት ደብተር ሞልቻለሁ። በዚህች ምድር ላይ እኔ የተናገርኩትን ቃል ተቀብሎ፣ አንድ ሳያጎድል የሚደግም አንድ ሰው ነበረኝ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር።

ነገሩ ከመሆኑ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ክለባችን ገና በሜዳው ይጫወት በነበረበት ጊዜ ነው። አንድ ለአንድ ሆነው ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰውዬ "ሴት ልጅ ስለ ኳስ ምን ታውቃለችና ነው ሽማግሌውን የምታደነቁረው?" አለ። እንዲህ ተብዬ ዝም ልል አልችልም። ዞርኩ። ከጨዋታ ውጪ ምን ማለት እንደሆነ፣ አማካይ የት መቆም እንዳለበት፣ እሱ የት መቀመጥ እንዳለበት ጭምር አስተምረው ጀመር። እየጮህኩ ሳስተምረው ስታዲየሙ ፈነዳ። ስመለስ ኳሷ መረብ ውስጥ ናት። ያገባው ዘጠኝ ቁጥሩ ነው፤ ጓደኞቹ ተከምረውበታል። ሰዉ ግን እየዘለለ የሚጮኸው "ሸምበቆ! ሸምበቆ!" እያለ ነው። ሸምበቆ ስምንት ቁጥራችን ነበር፤ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ የወጣለት ስም ነው። ስሙ የሚጠራው አቀብሎ ቢሆን ነው ብዬ ገመትኩ።

አባቴ ክንዴን ጨምድዶ ይዟል። "ንገሪኝ የኔታ! ማን ሰጠው? እንዴት አድርጎ?"

አላየሁም ማለት ነበረብኝ። ከኋላዬ ያ ሰውዬ ይስቃል፤ ስለ ኳስ ምን ታውቃለች ያለኝ ሰው። አፌ ቀደመኝ።

"ሸምበቆ ነው! ለጎሉ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሳይዞር፣ በግራ ተረከዙ። በሁለቱ ተከላካዮች መሃል፣ መሬት ይዛ፣ ዘጠኝ ቁጥሩ እግር ሥር።"

ካየኋቸው ፓሶች ሁሉ የምትበልጥ ሆነች፤ አላየኋትማ።

አባቴ ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ሰባቴ አሰማኝ። እያንዳንዷን ቃል። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺን ፓስ ያልነገረው ሰው የለም። ማኅሌት አልቆ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዛፍ ሥር አረፍ ሲሉ፣ በዕድሜያቸው ኳስ አይተው ለማያውቁ ደብተራዎች ይነግራቸዋል። ያስይዛቸዋል ማለት ይሻላል፤ አባቴ ነግሮ አይተውም፣ ያስደግማል። "በየትኛው ተረከዝ?" ይላል። "በግራው፣ መሪጌታ" ይሉታል፣ ሽማግሌዎቹ። እሱ ደግሞ በመቋሚያው ተደግፎ የገዛ ግራ ተረከዙን አፈር ላይ ሸተት ያደርጋል። ይህ በሆነ ቁጥር እኔ ውሃ ልጠጣ ብዬ እነሣለሁ።

ከዚያ ሊጉ በሌላ ከተማ መካሄድ ጀመረ፤ ስታዲየማችን ጭር አለ። ሸምበቆም ጉልበቱን ተጎድቶ ኳስ አቆመ ተባለ። የት እንደገባ አልሰማንም። እኔ በልቤ ተገላገልኩ አልኩ።

ነገሩ የሆነበት ቅዳሜ እንዲህ መጣ። አምባ ጊዮርጊስ ከተማ፣ አብሮት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማረ የአባቴ የቆሎ ጓደኛ ተዝካር ነበር። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ በተከፈተበት ሰሞን ዓርብ ሄደን ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ተመለስን። አባቴ እንደ ልማዱ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ይጠይቀኛል። ገብሱ ቢጫ ሆኗል? ያቺ ጎጆ አለች? ሰዉ ምን ለብሷል? እነግረዋለሁ። ኮሶዬ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማውም አየር የለውም።

ሹፌሩ ወርዶ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገው። "በእርግጫ የሚነፋ መስሎሃል?" አለው አንዱ ተሳፋሪ። ጉም ወርዷል፤ ገደሉ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አይታይም። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ሁላችንም ከመንገዱ ዳር ካለው ምግብ ቤት ገባን።

"ግቡ፣ ግቡ፣ ብርድ ነው! ሻይ ወዲያው ይመጣል!" አለ ከውስጥ አንድ ድምፅ።

አባቴን ከጥግ አግዳሚ ላይ አስቀመጥኩት። ቀና ስል ከማቀዝቀዣው በላይ በመስታወት ያለ ፎቶ አየሁ። ማሊያውን አውቀዋለሁ። አሥራ አንድ ልጆች፤ ከተንበረከኩት መጨረሻው ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ የተሰገገ። ከዚያ ሰውዬው ራሱ ሻይ በትሪ ይዞ መጣ። ሆዱ ወጥቷል፣ ቀኝ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። አንገቱ ግን ያው ነው።

የአባቴን ክንድ ያዝኩ።

"አባቴ፣ መኪና ውስጥ ብንሆን አይሻልም? እዚህ ጭስ አለ።"

"የምን ጭስ? አይሸተኝም። ሸጋ ቤት ነው፣ ይሞቃል።" ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቀፈው።

ዝም ካልኩ ያልፋል ብዬ አሰብኩ። ማንም ስም አይጠራም፣ ሻይ ይጠጣል፣ ጎማው ይጠገናል፣ እንሄዳለን። ሰውዬው ጠረጴዛ ጠርጎ ሄደ። ሁለተኛ ሻይ አመጣ፣ ሄደ። አባቴ ስለ ሟቹ ጓደኛው እያወራኝ ነው፤ አንድም ቃል አልሰማም። ይህን ሁሉ ጠብቄ በመጨረሻ ሹፌሩ በሩ ላይ ብቅ አለ።

"አያ ሸምበቆ! እኒህን መንገደኞች አደራ፣ ጎማ አስለጥፌ መጣሁ። እንደ ድሮህ አነክሳለሁ ብለህ ጥለሃቸው እንዳትወጣ!"

"ሂድ ወዲያ! አንድ ጎማ ይዞ መንገድ የሚወጣ ሹፌር ደግሞ ያወራል!"

የአባቴ እጅ ብርጭቆው ላይ ቆመ።

"ሸምበቆ አለ?"

"አልሰማሁም።" ይኸው፣ ሁለተኛ ውሸት።

"ሸምበቆ ነው ያለ። አንተ ሰው! ስምንት ቁጥሩ ነህ?"

ሰውዬው ከወዲያ ዞረ። "ነበርኩ አባቴ። አሁን የማቀብለው ሽሮ ነው።"

አባቴ ሲነሣ ጠረጴዛውን ገጨው፤ ሻዩ ፈሰሰ። "የኔታ! ሸምበቆ ነው እኮ! አየሽው? እሱ ነው?"

"እሱ ነው።"

"ወፍሯል?"

"ትንሽ።"

"ትንሽ አይደለም፣ አትዋሺያቸው" አለ ሸምበቆ እየሳቀ።

"ና ወዲህ ተቀመጥ" አለው አባቴ። "አንዲት ፓስ አለችህ። ሦስት ዓመት ይዣታለሁ።"

ከአባቴ ትከሻ በላይ ሸምበቆን በዓይኔ እጠቅሰዋለሁ፣ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደርጋለሁ። ትኩር ብሎ አየኝ።

"እህቴ፣ ምነው? ዓይንሽ ውስጥ ጉድፍ ገባ?"

"ምን ሆነሽ ነው?" አለ አባቴ።

"ጭሱ ነው።"

"ጭስ የለም አልኩሽ እኮ።"

ሸምበቆ ሽሮ ላምጣ ብሎ ወደ ጓዳ ሲገባ ተከተልኩት። ድስቱ አጠገብ ቆሜ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። አባቴ አያይም፣ እኔ ነኝ የምነግረው፣ ያን ጎል አላየሁም፣ ተረከዝ ብዬ ፈጠርኩ።

"ተረከዝ? እኔ?" ሳቁን አፉን ይዞ አፈነው።

"አዎ በለው ብቻ። አንዴ አዎ በለውና ይለቅህ።"

"ምን ቸገረኝ። እሺ።" በእውነቱ ምን እንደሆነም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ተመልሰን ተቀመጥን። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላው ተሳፋሪም ዝም ብሎ ያዳምጥ ጀመር። "ለጎሉ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሳይዞር..." አንድ ቃል አልሳተም። ሲጨርስ "ይህች ናት?" አለው።

"ይህች ናት አባቴ" አለ ሸምበቆ፣ ሽሮው ላይ አቀርቅሮ።

አለቀ ብዬ ነበር።

አባቴ ግን ከአግዳሚው ተንሸራቶ መሬት ላይ ተንበረከከ። ጋቢው ተጎተተ። እጁ በሸምበቆ ጫማ ዙሪያ ይፈልግ ጀመር። "ግራውን ስጠኝ" አለ። "ያቺን ተረከዝ ልዳስሳት። ከዚህ በኋላ ዓይኔ የሚያየው የለም፤ እጄ ይያት።" ነጭ ጥምጥሙ ወደ ሰውዬው እግር ዝቅ አለ።

ሸምበቆ እኔን አየኝ። እግሩን ወደ ኋላ ሰበሰበ።

"ይነሡልኝ አባቴ። ይኼንስ አልችልም።"

"ምነው?"

"ያን ኳስ እኔ አላቀበልኩም። ከመስመር ዳኛው ጋር እየተጨቃጨቅሁ ነበር፣ ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ። ኳሷ መጥታ እዚህ" ትከሻው ሥር ነካ፣ "እዚህ መታችኝና ወደ ልጁ ሄደች። ሰዉ ሸምበቆ እያለ የጮኸው እየሳቀብኝ ነው። ኳስ እስካቆም ድረስ 'ጀርባው' እያሉ አሹፈውብኛል።"

ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንዱ ሳቀ፤ ማንም ስላልተከተለው ዝም አለ።

አባቴ እንደ ተንበረከከ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ትክክለኛው ቦታ ላይ አላዞረም፣ ትንሽ ወደ ጎን።

"የት ነሽ?"

"እዚህ ነኝ።"

"አይተሽ ነበር?"

"አላየሁም። ከሰውዬው ጋር እየተጣላሁ ነበር።"

የተጎተተ ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰ።

"ሌሎቹስ?"

"ሌሎቹ እውነት ናቸው አባቴ። አንዷ ብቻ ናት። ሌላውን በሙሉ አይቻለሁ።"

"በምን አውቃለሁ?"

ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጣ እችልበት ነበር፤ ከሚቆጣ ሰው ጋር መሟገት የለመድኩት ነገር ነው። እሱ የጠየቀኝ እውነተኛ ጥያቄ ነበር፣ መልስ የሌለው። ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያይ አይችልም። ደብተሮቹን ባሳየው አይነበቡለትም፤ ባነብለት የማነበው ያው እኔ ነኝ። ሰባት ቁጥሩ በውስጥ ጎን ያቀበላትም፣ የጠዋቱ ቢጫ ገብስም፣ ያቺ ጎጆም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከእጁ ሄዱ።

ሸምበቆ ደግፎ አስነሣው። ሊያጽናናው ይመስለኛል፣ ወሬ ጀመረ።

"እኔ የማልረሳትን ልንገርዎ አባቴ። ማንም አያስታውሳትም። ክለቡ ገና ታች ሊግ ሳለ፣ የመጀመሪያ ዓመቴ ነው። ዝናብ፣ ጭቃ። ከመሃል ሆኜ ወደ ግራ ጥግ ረጅም ኳስ ላክሁ፣ ሰው ወደሌለበት ባዶ ቦታ። የመስመሩ ልጅ ቢሮጥ ይደርስባት ነበር። አልሮጠም፤ ቆሞ አየኝ። ኳሷ ወጣች። ስታዲየሙ በሙሉ ጮኸብኝ።"

"ኩሬውን የዘለለችው?" አለ አባቴ።

ሸምበቆ ቀና አለ። "ምን አሉ?"

"ጥጉ ላይ ኩሬ ነበር። እዚያ ስትደርስ ትቆማለች ስንል አንዴ ነጥራ ዘለለችው። እኔ ተነሥቼ አጨበጨብሁ።"

"አንድ ሰው አጨበጨበ" አለ ሸምበቆ ቀስ ብሎ። "አስታውሳለሁ። የሚያላግጥብኝ መስሎኝ ዞሬ ተሳደብኩ።"

"የሰደብከው እናቴን ነው።"

"ወይኔ! አፉ ይበሉኝ አባቴ! ይፍቱኝ!"

"እኔ ቄስ አይደለሁም፣ የሚፈታህ ሌላ ነው። ሽሮህን አሙቅና አምጣ፣ ቀዝቅዟል።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባቴም ሳቀ፣ ትከሻው እስኪነቃነቅ። ያቺን ኩሬ የዘለለች ፓስ ባየበት ቀን እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የገዛ ዓይን ነበረው፤ ማንንም አልጠየቀም። ሁለቱ ሰዎች የዚያን ዝናብ ወሬ ቀጠሉ። ኳሷ በየት እንደወጣች፣ ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ። ማንም አላሰናበተኝም፣ ማንም ቆዪ አላለኝም። ወጣሁ።

ከአጥሩ አጠገብ ቆምኩ። ፊት ለፊቴ ገደል እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን ጉም ብቻ ነው። ከኋላዬ ሳቃቸው ይሰማል። ሁለት ሰዓት ይሁን ሦስት እንጃ፤ እግሬ እስኪደነዝዝ ቆሜያለሁ። ከቤት ሳልወጣ የዋልኩበት ቀን፣ ጓደኞቼ የተለዩኝ ቀን፣ እናቴን የቀበርን ቀን እንኳ እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። አባቴ እዚያው ነበር እኮ፣ አሥር እርምጃ ላይ።

ሹፌሩ ጎማውን ይዞ ተመለሰ። "አባት ከፊት ይቀመጡ፣ ጋቢናው ይሞቃል" አለ። አባቴ ከእኔ ተለይቶ ተቀምጦ አያውቅም። "እሺ ልጄ" ብሎ የሹፌሩን ክንድ ይዞ ገባ። እኔ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጉሙ ተከፍቶ ፀሐይ ወጣ፤ ያ ሁሉ አገር ከታች ተዘረጋ። ከፊት ድምፁን ሰማሁ።

"አሁን የት ደረስን?"

"ዳገቱን ጨርሰናል አባት።"

"ገብሱስ? ቢጫ ሆኗል?"

"ኧረ ሆኗል! አጨዳም የጀመሩ አሉ።"

"እህ" አለ አባቴ። ጠዋት ነግሬው ነበር። ቢጫ ነው ብዬው ነበር።

ቤት ስንገባ "ትርንጎ፣ መቋሚያዬን አቀብዪኝ" አለኝ። ትርንጎ።

በማግሥቱ እሑድ ነው። ቅዳሴ ሲወጣ እጄን ያዘና "ከዛፉ ሥር ውሰጂኝ" አለ። እነዚያ ደብተራዎች ተቀምጠዋል። አባቴ ቆሞ እንዲህ አላቸው፦ "ያስያዝኋችሁ ፓስ ስሕተት አለባት። ተረከዝ አይደለም፤ ኳሷ ጀርባውን መትታው ነው የሄደች። እኔ ነኝ አጣምሜ የያዝኳት። አቃኑልኝ።" ስሜን አላነሣም። በእነሱ ትምህርት ቤት እንዲህ ነው፤ አጣሞ ያስተማረ ሰው ያስተማረው ሁሉ ጋ ሄዶ ያቃናል። ያን ቀን ያልመጡትንም ቤታቸው ድረስ እየሄድን አቃናን። ሁለት እሑድ ፈጀብን። አንዱ ሽማግሌ አልጋ ላይ ነበሩ፤ "ምነው መሪጌታ፣ ተረከዟ ታምር ነበር እኮ" አሉት። "ታምር ነበረች" አለ አባቴ፣ "ግን አልሆነችም።" የሁሉም ቤት ደጃፍ ድረስ እየመራሁ ያደረስኩት እኔ ነኝ፣ እጁ እጄ ውስጥ ሆኖ።

ከዚያ በኋላ ወራት ኳስ አልጠየቀኝም። ክለባችን በሩቅ ከተማ ሲጫወት እሱ በሬዲዮ ይሰማል፣ እኔ በስልኬ አያለሁ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ጀርባ ለጀርባ። አንድ ቀን አላስቻለኝም። ሳይጠይቀኝ መናገር ጀመርኩ። "አራት ቁጥሩ ለስድስት፣ በቀኝ፣ መሬት ይዛ።" የሬዲዮኑን ድምፅ ቀነሰው። ቀጠልኩ። መሃል ላይ ምስሉ ቆመ፤ ያቺ ክብ ነገር መሽከርከር ጀመረች። ሲመለስ ልጆቹ ተቃቅፈዋል።

"ማን አቀበለው?" አለ አባቴ። ስንት ወር ቆይቶ።

አፌ ላይ ዝግጁ ሆኖ የመጣ ነበር። አሥር ቁጥሩ ይሆናል፣ በግራ ይሆናል፤ ሬዲዮኑም ማን እንዳቀበለ ገና አልተናገረም። እውነቴን ነው፣ መጥቶ ነበር።

"ኔትወርኩ ቆሞ ነበር" አልኩ። "አላየሁም።"

"አላየሽም?"

"አላየሁም አባቴ።"

አልጋው ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። "ሸጋ። እንግዲያው ከዚያ በኋላ ያየሽውን ንገሪኝ።"

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ተምሬያለሁ ብዬ ልመክራችሁ አይደለም። አፌ ዛሬም አያርፍም፤ ትናንት ከደንበኛ ጋር ተጣልቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ እነግራችኋለሁ። በእናንተ ዓይን የሚያይ ሰው ካለ፣ አንዴ ያላያችሁትን አየሁ ካላችሁት፣ እሱ የሚያጣው ያቺን አንዷን አይደለም። እናንተም ከጎኑ ተቀምጣችሁ ብቻችሁን ትሆናላችሁ። ደብተሬ ላይ ያቺ ፓስ አለች፤ አልቀደድኳትም። ከሥሯ "አላየኋትም" ብዬ ጽፌያለሁ። ከዚያ ወዲህ የሞላሁት ደብተር እንዲህ ባለ መስመር የተሞላ ነው። ኔትወርክ ጠፋ፣ አላየሁም። መብራት ሄደ፣ አላየሁም።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ሸጋ ፓስ ነገርኩት። ተቀበላትና መልሶ አሰማኝ።

"በውስጥ ጎን?"

"በውጭ ጎን ነው አባቴ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

ድሮ እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። አሁን ሁልጊዜ ይጠይቀኛል።

"አይቻለሁ" አልኩት።

"በውጭ ጎን" አለና ደገማት፣ አንድ ቃል ሳያጎድል።

የኔታ አላለኝም። እጠብቃለሁ።